የእሜቴ ፈንታነሽ አንደበት

ጋፋት፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌረዳ፣ ይፋግ።

እንዴት ከርመሽልኛል? ሕፃኗስ እንዴት ናት? እኔ በአባቴ አምላክ ደህና ነኝ። ወረቀትሽ በነጋዴው በሞላ እጅ ደርሶኛል። አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛ ለማንበብ አፈርኩ።

ለክርስትናው ለምን እንደቀረሁ ጠይቀሽኛል። እግሬን አሞኝ ነው። ከገና ወዲህ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ፣ የሁለት ቀን መንገድ በበቅሎም ቢሆን አልሆንልሽ አለኝ። ልጅሽን ክርስትና ላነሣ ቃል ገብቼ፣ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ሰው ስትፈልጊ መዋልሽን ሳስብ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። ይቅር በይኝ።

ዘውገን ጠይቀሻል። ባሌ ለንግድ ወደ መተማ እንደወጣ ነው። አማቴ እሜቴ ፈንታነሽም ደህና ናቸው። ትንሽ ይረሳሉ፤ እርጅና ነው፣ ሌላ ነገር የለባቸውም። ማን ያግዝሻል ላልሽው፣ ማንም አያስፈልገኝም። ሁለት ሴቶች ነን፤ ምን ሥራ አለብን?

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሞላ ከእንግዲህ ወደ ቤት አይምጣ። ወረቀትሽን ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ይስጠኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው ተራው አጠገብ ያገኘኛል።

አባቴ መሪጌታ እኔንና አንቺን አብሮ አደጌን ዳዊት ሲያስደግሙን፣ ሰዎቹ «ሴት ልጅ ጽፋ ለማን ልትልክ ነው?» እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር አስታውሰሽኛል። እኔም አልረሳሁት። ይኸው ላንቺ እልካለሁ።

እህትሽ አመተማርያም


ጋፋት፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለጽጌረዳ።

ጾሙን እንዴት ያዝሽው? የምታጠቢ ሴት ነሽና አትጨክኚ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

የያዝሽብኝ ነገር እውነት ነው። እግሩ ያበጠ ሰው የገበያ ቀጠሮ አይሰጥም። እግሬ ደህና ነው፤ ዋሽቼሻለሁ።

ሞላ ያን ቀን በራፌ ላይ ሆኖ የማንን ጩኸት እንደሰማ ጠይቀሻል። የእሜቴን ነው። በሩን ከውጭ የቀረቀርኩትም እኔ ነኝ። ውኃ ልቀዳ ስሄድ እቀረቅርባቸዋለሁ፣ እንጨት ልለቅም ስሄድ እቀረቅርባቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በራፉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ተቀርቅሮ ይውላል። በጥፍራቸው መዝጊያውን ሲቧጥጡት እሰማለሁ። ሞላ ሰምቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሱን ማየት አልቻልኩም።

መቼ ጀመራቸው ላልሽው፣ ከጳጉሜ ወዲህ ነው። መጀመሪያ አንዱን ወጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመሩበት፤ ሳቅን። ቀጥሎ አንድ ጠዋት ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው የኖርኩትን ሴት ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ያን ቀን አልሳቅንም። አሁን ራሳቸውን መጠበቅ ትተዋል። ልብሳቸውን በቀን ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ገላቸውን ሳጥባቸው ያፍራሉ፤ «ፊትሽን አዙሪ እንጂ፤ እኔ እኮ የልጆች እናት ነኝ» ይሉኛል። የአገሩ ሴት ሁሉ ለምክር ይመጣላቸው የነበሩ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ።

ለጎረቤት ለምን አትነግሪም ብለሻል። ጎረቤቴ አልማዝ በጥቅምት ስትመላለስ ነበር። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። እሜቴ ሰው ካዩ ያወራሉ፤ ከቤት ከወጡም መንገድ ዳር ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ይዘው ያወራሉ። ምን ብለው ነው የሚያወሩት ያልሽኝን ግን አልጽፍልሽም። አትጠይቂኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ በእውነት መልሺልኝ። ባልሽ ገብረየሱስ የምጽፍልሽን ያነባል?

አመተማርያም


ይፋግ፣ የካቲት ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተማርያም።

ገብረየሱስ ያንቺን ወረቀት አያነብም። ከሙዳዬ ውስጥ ነው የማኖረው፤ እጁን አግብቶበት አያውቅም። ለምን እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል፤ እንግዲህ የእኔንም ስሚ።

አምና «ገብረየሱስ ሥራ አገኘ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ምን ሥራ እንደሆነ አልጻፍኩም። አስመራ ሳለ የተማረው ጣልያንኛ እዚህ ላለው የጣልያን ሹም አስተርጓሚ አድርጎታል። ሲጠሩት እንቢ ማለት ይችል ነበር ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸው ሳይሞላ አንሥተው ይሄዳሉ። ለክርስትናው ሃያ ሰው ጠርቼ አምስት መጣ። አንቺ ስትቀሪ በዚሁ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ስለዚህ «እግሬን አሞኝ ነው» ስትዪኝ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ደስ አለኝ።

በሩን በመቀርቀርሽ አልፈርድብሽም። እናቴ ተኝታ በነበረችበት ዓመት እኔ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ እንደቀረሁ ታውቂያለሽ። ስመለስ አንቺ እናቴን አጥበሽ፣ ጸጉሯን አበጥረሽ፣ የት ነበርሽ ሳትዪኝ ሄድሽ። ማንም አልጠራሽም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አስታማሚም እንደዚያው ነው።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ እመጣለሁ። ልጄን አዝዬ ነው የምመጣው። ምንም አታዘጋጂ።

ጽጌረዳ


ጋፋት፣ መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ጽጌረዳ፣

አትምጪ።

የአስተርጓሚ ሚስት በራፌ ላይ ከበቅሎ ስትወርድ ጋፋት ሁሉ ያያል። አንቺ ትመለሻለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ። የባልሽ ጌቶች ለአገሬው የሚያደርጉትን እያየሽ፣ ከእነሱ እጅ እየበላሽ፣ የሰው በሽተኛ ላጥብ ማለትሽ አይገባኝም። አማቴን የማስታምመው እኔ ነኝ፤ አጋዥ አልጠራሁም።

ከእንግዲህ ወረቀትም አትላኪ።

አመተማርያም


ጋፋት፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌረዳ።

በሰላም መግባታችሁን ሞላ ነግሮኛል። እሜቴ በበቅሎ ላይ እየዘፈኑ ይፋግ ገቡ አለኝ። እውነት ነው? እዚህ ከዘፈኑ ስድስት ወር ሆኗቸዋል።

ይህን አንብበሽ እሳት ውስጥ ጣይው።

በመጀመሪያ ስለዚያ ክፉ ወረቀት። ሕፃኗን አዝለሽ በጓሮ በኩል ብቅ ስትዪ፣ «አትምጪ ብዬሽ አልነበረም?» አልኩሽ። «ምንም ወረቀት አልደረሰኝም» አልሽኝ። መቀነትሽን ስትፈቺ ግን ተጣጥፎ አይቼዋለሁ። ያንን አንብበሽ፣ መቀነትሽ ውስጥ ይዘሽ፣ የሁለት ቀን መንገድ በቅሎዋን ትተሽ በእግርሽ መጣሽ። ወዲያው እጅጌሽን ሰብስበሽ ውኃው የት ነው አልሽኝ። እኔ እዚያው መደቡ ላይ ጋደም እንዳልኩ ከእኩለ ቀን እስከ ፀሐይ መግቢያ ተኛሁ። ስነቃ እሜቴ ንጹሕ ለብሰው፣ ልጅሽን አቅፈው «ዘውገ፣ ዘውገ» ይሏታል። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለእሳቸው መስሎሽ ነበር። ለራሴ ነው፤ መተኛቴ ነው ያስለቀሰኝ።

አሁን ያንቺን ጥያቄ ልመልስ። አምስት ቀን እዚህ ሳለሽ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ «ከንፈራቸው ምን ሆኖ ነው የተሰነጠቀው?» ብለሽ። ወደቁ አልኩሽ። አልወደቁም።

መጋቢት ሁለት ቀን አምስት ባንዶችና አንድ የጣልያን ሶላቶ መጡ። ዘውገን ነበር የሚፈልጉት። መተማ ነው አልኳቸው። ዘውገ የት እንዳለ አንቺ ዛሬ ታውቂያለሽ፤ ገና የመንገድ ድካምሽ ሳይወጣልሽ እሜቴ በጆሮሽ ነግረውሻል። በታኅሣሥ አንድ ቀን ለገብስ ወርዶ እናቱን ስሞ ተመልሷል። ስሜን ይረሳሉ፣ በልተው መብላታቸውን ይረሳሉ፤ ያንን ቀን ብቻ አልረሱም። ላገኙት ሁሉ የሚያወሩት እሱኑ ነው፤ ልጄ ጉና ተራራ ላይ ነው፣ ይህን ያህል ሰው አብሮት አለ፣ በዚህ በኩል ነው የወረደው።

ባንዶቹ ስሙን ሲጠሩ እሜቴ ከጓዳ ሰሙ። «ዘውገ? ዘውገማ…» ብለው ጀመሩ። ሮጬ ገብቼ አፋቸውን በመዳፌ ያዝኩ። አንደኛው ባንዳ «ማነው እዚያ?» አለ። «ተስቦ የያዛት አሮጊት ናት፤ ግባና እያት» አልኩት። አልገባም። ግን ወዲያውም አልሄዱም። እህሉን ገለባበጡ፣ ጓሮውን ዞሩ። እኔ መዳፌን አላነሣሁም።

አሁን የምጽፍልሽን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። እሳቸው ከእጄ ስር ሲታገሉ ኃይላቸው እየደከመ መጣ። በዚያ መሃል አንድ ጊዜ፣ ዓይን እንደመጨፈን ለምታህል ጊዜ፣ «ይብቃ እንግዲህ፤ ሁላችንም እንረፍ» ብዬ አስቤአለሁ። የባንዶቹ ኮቴ ከጠፋ በኋላም እጄ እዚያው ነበር። ሳነሣው ፊታቸው ጠቁሯል፣ ከንፈራቸው በገዛ ጥርሳቸው ተሰንጥቋል። ውኃ ረጨሁባቸው። ሲተነፍሱ መጀመሪያ ያሉኝ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ለማንኛውም ነገር ባነሣ፣ ነጠላቸውን ላስተካክልም ቢሆን፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይሸፍናሉ። ለምን እንደሚፈሩኝ አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ያን ክፉ ወረቀት የጻፍኩልሽ በሁለተኛው ቀን ነው፤ መጥተሽ እንዳታዪብኝ ነው እንጂ ባንቺ ተቆጥቼ አልነበረም።

«ይፋግ ማንም አያውቃቸውም፤ እኔ ጋ ይሁኑና አንቺ ረፊ» ስትዪኝ እሺ አልኩ። ይህንንም እወቂው፤ አምኜሽ አልነበረም፣ ደክሞኝ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ነው ልቤ የተመለሰው። የዘውገን እናት፣ ያንን አንደበታቸውን ይዘው፣ የጣልያን አስተርጓሚ ቤት ሰደድኳቸው። ሳምንት ሙሉ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ፈራሁ። ገብረየሱስ ሰምቷል?

አመተማርያም


ይፋግ፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተማርያም።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የዘገየሁት ሞላ ለበዓሉ አገሩ ገብቶ ነው፤ ሌላ አታስቢ። ያልሽኝን አቃጥያለሁ። ስለዚያች ዓይን ስለምታስጨፍን ጊዜ ምን እንደምልሽ ሦስት ቀን አሰብኩ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ግን ወረቀትሽን ካነበብኩ በኋላም እህትሽ ነኝ፤ ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

ገብረየሱስ ሰምቶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሰምቷል። በመጣን በሦስተኛው ቀን ማዕድ ላይ ሳለን እሜቴ «ልጄ ተራራ ላይ ነው» ብለው ሁሉንም ዘረገፉት። እጄ ላይ ያለው ጉርሻ ወደቀ። ገብረየሱስ ቀና ብሎ አያቸውና «እሜቴ፣ ተራራው ብርድ ነው፤ የሚለብሰው አለው?» አላቸው። «ጋቢዬን ሰጥቼዋለሁ» አሉት። «ደግ አደረጉ» አለና መብላቱን ቀጠለ። ለእኔም ምንም አላለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እንደዚሁ ተፈራርተን እስከ ፋሲካ ደረስን።

የፋሲካ ዕለት ሹሙ ሳይታሰብ ቤታችን መጣ። አንድ የሐማሴን አስከሬ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ አብሮት ነበር። የእነሱም ፋሲካ ዘንድሮ በዚያው ቀን ውሏል። ተቀመጠ፣ ጠላ ቀረበለት። እሜቴን ጓዳ አስገብቻቸው ነበር። ለትንሽ ጊዜ ጀርባዬን ሳዞር ወጥተው ሹሙ ፊት ቆመዋል። እጅጌውን ያዙት። «ልጄን አይተኸዋል ወይ?» አሉት። «ተራራ ላይ ነው። መቶ ሰው አለው። ክረምት ሳይገባ ወርዶ ያስወጣችኋል፤ ገብሱን ያበላሁት እኔ ነኝ።»

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ልጄን አንሥቼ በጓሮ በር ልሮጥ ነበር። ሹሙ ፈገግ ብሎ ወደ ገብረየሱስ ዞረ፤ ምን አለች ማለቱ ነው። ጣልያንኛ አልችልም። ገብረየሱስ ግን ሲመልስለት «ፓስኳ» የሚል ሰማሁ፤ ፋሲካ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እንኳን አደረሰህ ትልሃለች ብሎታል። ሹሙ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ለእሜቴ ጎንበስ አለላቸው። እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» አሉት።

አስከሬው አማርኛ ይሰማል። እኔ እሱን ነበር የማየው። ገብረየሱስም እሱን ነበር የሚያየው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ። ክሩ የታሰረ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ገብረየሱስ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?» አልኩት። «እስከ ዛሬ ሰው የተናገረውን ሁሉ በትክክል ስተረጉም ነበር» አለኝ። «አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ስንት ሰው እንደታሰረ ግን አልነገርኩሽም።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። እኔም ምን እበላ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። የጻፍሽልኝ ክፉ ነገር ልክ ነበር፤ አልቀየምኩሽም ብልሽ ግን ዋሸሁሽ። ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ለቆኛል።

እሜቴ ደህና ናቸው። ከንፈራቸው ድኗል። ቁጡ ሆነውብኛል፤ ትናንት ሳጥባቸው ውኃውን ደፉብኝ፣ እኔም ጮኽኩባቸው፣ ኋላ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ብቻዬን ሳልሆን ይዣቸው እንዲህ ከሆንኩ፣ አንቺ ስድስት ወር እንዴት እንደቻልሽው እንጃ። ማዕድ ሲቀርብ ሁልጊዜ እጃቸውን ሳይሰዱ «የዘውገ ሚስት በልታለች?» ይላሉ። በልታለች ስላቸው ይበላሉ። እየበላሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ በሐሰት መመለስ አልወድም።

ጽጌረዳ


ጋፋት፣ ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌረዳ።

እየበላሁ ነው፤ በእውነት መልሺላቸው። አልማዝን በር ከፍቼ አስገባኋት። ስለ እሜቴ ሕመም ነገርኳት፤ ሌላውን አልነገርኳትም። «እኔ እኮ ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ስድስት ወር በግድግዳ ተለያይተን ሁለታችንም በየቤታችን እናፍር ነበር።

ዘውገ እናቴ የት ናት ቢል ምን ትዪዋለሽ ብለሽኝ ነበር። ጉና ሥር ያለችው አክስቴ ዘንድ ገብስ ላደርስ ሄጄ አገኘሁት። ከስቷል፤ ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ሰላምታ ሳንጨርስ «እናቴን ከማን ጋር ትተሻት መጣሽ?» አለኝ። ወዳጄ ጋ ናቸው አልኩት። «የትኛዋ ወዳጅሽ?» አለኝ። ያኔ በዚህ ልቀር አስቤ ነበር፤ ስምሽን ሳልጠራ። ይህንንም ያሰብኩት በመንገድ ሳይሆን እናቱ ባንቺ እጅ ታጥበው ያደሩለትን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ ነው። ኋላ ተናገርኩ።

«እናቴን ባንዳ ቤት አስገባሻት?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ብረቱን ግን ከትከሻው አወረደ። አክስቴ ተነሥታ ወጣች።

ሁሉንም ነገርኩት። በሩን፣ ባንዶቹን፣ መዳፌን፣ ከንፈራቸውን። ያንን አንድ ጊዜ ያሰብኩትንም ነገርኩት። ሊመታኝ ይችላል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልጠላሁም ነበር። ቀጥዬ ገብረየሱስ ለሹሙ የመለሰውን ነገርኩት። እዚያ ላይ ስደርስ ተቀመጠ።

«ልብሷን ማን ያጥባል?» አለኝ ቆይቶ።

«ጽጌረዳ።»

«ካንቺ ጋር ሳለች ማን ያጥብ ነበር?»

«እኔ ነኝ ዘውገ። ማን ሊያጥብ ኖሯል? ያንተ ጓዶች አንድ ቀን ወርደው አጥበውልኛል?»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ኋላ «ለአገር ስል እናቴን ላንቺ ጥዬ መሄዴን አንድ ቀን አላሰብኩትም፤ ብርቱ ናት፣ ትችላለች እል ነበር» አለኝ። ስለ ባልሽ ምንም ቃል አልወጣውም፤ ደግም ክፉም። ስንለያይ ግን «ለሴትዮዋ ምን ልላክላት?» አለኝ። ምንም እንዳትልክ፣ እዚያ ቤት ካንተ የተላከ ነገር መገኘት የለበትም አልኩት። ያልላከውን ሰላምታ እኔ አድርሼልሻለሁ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። እሜቴን ልወስዳቸው እመጣለሁ። እስከ ሰኔ ይቆዩ ያልሽኝን አልቀበልም፤ አንቺም ሰው ነሽ፣ የምታጠቢ ልጅ አለሽ፣ ሹሙም ዳግመኛ ሊመጣ ይችላል። አልማዝ ስወጣ ስገባ ትቀመጥልኛለች። ስደክም እጽፍልሻለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍም። አንቺም በመስከረም እንደገና ትወስጃቸዋለሽ፤ ይህንን አምኜሽ ነው የምለው።

ዛሬም አፍራለሁ። ያ እፍረት በመተኛትና በመብላት አልለቀቀኝም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ እሱንም እየፈጸምኩ ነው፤ እፍረቱ እንዳለ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይፋግ እገባለሁ። ሰው አትላኪብኝ፤ በገበያው መሃል በግልጽ ነው የምመጣው፣ ቤቱን ጠይቄ አገኘዋለሁ። እሜቴ ሲያዩኝ ፊታቸውን በእጃቸው የሸፈኑ እንደሆነ ግን እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ያን ጊዜ ምንም አትበዪኝ። አጠገቤ ቁሚ።

አመተማርያም